ከንፈር ላይ ለሚወጣ ምች፦ ፀሐዩን ቀድሞ መከላከል

የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነኝ። ጠዋት ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ተክዬ ቶታል ስቴሽኑን፣ ርቀትና ማዕዘን የምንለካበትን መሣሪያ፣ አስቀምጣለሁ፤ ማታ እነቅላለሁ። በመሐል ያለው ሰዓት ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚያልፈው። የምሠራው በአብዛኛው ሰሜን ሸዋ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ላይ፣ ወደ መንዝ። ከንፈሬን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ምች ይመታኛል። ሁልጊዜ ታችኛው ከንፈሬ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ያችው ቦታ ላይ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ምች ለሚመላለስበት ሰው ነው። ብዙዎቻችን ምችን የምናስታውሰው ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ፋርማሲ እንሮጣለን፣ ዳማ ከሴ እንፈልጋለን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ሥራ እንገባለን። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ከመውጣቱ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ምቹን የሚቀሰቅስባችሁ ፀሐይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማስቀረት ይቻላል። የሚያስፈልገው ትክክለኛ የከንፈር ቅባት፣ ሰፊ ባርኔጣና የማይቋረጥ ልማድ ነው።

ፀሐይ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ምች ሲወጣባችሁ ያለፉትን ጥቂት ቀናት መለስ ብላችሁ አስቡ። ሠርግ ላይ ድንኳን ውጪ ቆማችሁ ውላችኋል? ከብት ስትጠብቁ፣ አጨዳ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ነበራችሁ? ፀሐይ የመታው ከንፈር ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው መልሱን የሚሰጠው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከገጠመ ቀስቃሹን አግኝታችሁታል ማለት ነው።

ምቹ ከየት ይመጣል

ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምች የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 የሚባል ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ አገላብጦ ከሚስም ዘመድ ወይም ከጋራ ኩባያ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች ውስጥ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ቫይረስ አለባቸው። ብዙዎቹ ምንም ምልክት አያዩም። ስለዚህ ምች የወጣበት ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።

ቫይረሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። ለፊታችን ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ሥር ላይ፣ በጆሮ አቅጣጫ ራስ ቅል ውስጥ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው ነገር ሲያገኝ ነርቩን ተከትሎ ወደ ከንፈር ይወርዳል። ያችው ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ቀስቃሾቹ ብዙ ናቸው፦ ትኩሳት፣ ጉንፋን፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ። ፀሐይ ደግሞ አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የከንፈርን ቆዳ ይጎዳል፤ በዚያ ቦታ ያለውን የሰውነት መከላከያም ለጊዜው ያደክመዋል። ቫይረሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

እናቶቻችን «ፀሐይ ላይ አትቀመጪ፣ ምች ይመታሻል» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ቫይረሱን ባያዩትም ቀስቃሹን አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ምች የሚመላለስባቸው 38 ሰዎች መከላከያ የሌለው ቅባት ተቀብተው ከንፈራቸው ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ተለቀቀ። 27ቱ ላይ ምች ወጣ። ከነዚሁ ሰዎች 35ቱ የፀሐይ መከላከያ ተቀብተው ሲሞከሩ ግን አንዳቸውም ላይ አልወጣም።

ይህ እንግዲህ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እዚያ ሻይ የለም፣ እንጀራ የለም፣ ከንፈር የሚያደርቅ ነፋስም የለም። እኛ ሜዳ ላይ ስንውል ቅባቱ በየሰዓቱ ይጠረጋል። ከዚህ በታች ስለ ደጋግሞ መቀባት የምጨቀጭቃችሁም ለዚህ ነው።

ከንፈር ራሱን መከላከል አይችልም። ቆዳው ስስ ነው። እንደ ሌላው ቆዳችን ወዝና ላብ አያወጣም፤ ከፀሐይ የሚከላከለው የቆዳ ቀለምም በቂ የለውም። ጠይም ስለሆንኩ ፀሐይ አይጎዳኝም የሚል ሰው ለጉንጩና ለክንዱ በመጠኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለከንፈሩ ግን አይሠራም። ታችኛው ከንፈር ደግሞ ወደ ላይ ስለሚያይ ፀሐዩን ፊት ለፊት ይቀበለዋል።

የሚያታልለው ፀሐይ

ሰው ፀሐይን የሚለካው በሙቀት ነው። ለከንፈር ግን ሙቀት መለኪያ አይሆንም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል። ጣርማ በር ላይ ግን ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ሰው ሙቀት ፍለጋ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ይቆማል። የቱ ላይ ነው ጨረሩ የሚበረታው? ሰማዩ እኩል ጥርት ያለ ከሆነ ላይኛው ላይ ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታው አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። መንዝ ላይ ከንፈራቸው የሚቆስል የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «ብርዱ ነው» ይላሉ። ብርዱና ነፋሱ ያደርቁታል፣ እውነት ነው። ፀሐዩ ግን ከላይ ሆኖ ሥራውን ይሠራል።

ደመናም ያታልላል። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ፀሐዩ ወጣ ገባ የሚልበት ቀን ለኔ ከጠራራው ቀን የባሰ ነው፤ ሰው ስለማይጠነቀቅ።

የሚበረታበት ሰዓት በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። ሰዓት ማየት የማይመቸው ጥላውን ይይ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐዩ በርትቷል። ረዝሞ ከሆነ ለቀቅ ብሏል። ከወር ደግሞ ሚያዝያን ልብ በሉ። በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት አዲስ አበባና አካባቢው ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይም እንዲሁ ነው፤ ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ይሸፍናታል።

ከታች የሚመጣም አለ። አዲስ የተነጠፈ ነጭ ጠጠር፣ አሸዋ፣ የሐይቅ ውኃ ጨረሩን በከፊል ወደ ላይ ይመልሱታል። አሸዋ 15 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ሣር ከ10 በመቶ በታች ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ባርኔጣ አድርጋችሁ እንኳ ከሥር ወደ ከንፈራችሁ የሚመጣው ግን ይህ ነው። ስለዚህ ባርኔጣ ብቻውን አይበቃም፤ ቅባትም ያስፈልጋል።

ቅባቱን ስትገዙ

ፋርማሲ ገብታችሁ «የከንፈር ቅባት» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ ማለስለሻ ነው። «የፀሐይ መከላከያ ያለው የከንፈር ቅባት» በሉ። ከዚያ ዕቃውን ተቀብላችሁ አገላብጡት። ሁለት ነገር ፈልጉ። የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ (SPF) የሚለው የመከላከል አቅም መለኪያና ከአጠገቡ ያለው ቁጥር ነው፤ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ኤስፒኤፍ 15 ምች ከሚቀሰቅሰው፣ ዩቪቢ (UVB) ከሚባለው የአልትራቫዮሌት ዓይነት 93 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 30 ወደ 97፣ 50 ደግሞ ወደ 98። ከ30 በላይ ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ስለዚህ 50 አጣሁ ብላችሁ አትጨነቁ። 30ውን ገዝታችሁ ደጋግማችሁ ተቀቡ። ሁለተኛው ብሮድ ስፔክትረም (Broad Spectrum) የሚል ጽሑፍ ወይም በክብ ውስጥ የተጻፈ ዩቪኤ (UVA) ነው። ዩቪቢንም ሌላውን ዓይነት፣ ዩቪኤንም፣ ይከላከላል ማለት ነው።

ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ለሚያሳክካቸው ሰዎች ይስማማል። ትንሽ ነጣ ያደርጋል። እኔ ሳይት ላይ ነጣ ብሎ ቢታይም ግድ የለኝም። እንዲያውም መኖር አለመኖሩ በመስታወት ስለሚታወቅ እወደዋለሁ።

ቫዝሊን ከፀሐይ አይከላከልም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ብዙ ሰው ቫዝሊን ተቀብቶ «ተቀብቻለሁ» ስለሚል ነው። ቫዝሊን ለድርቀት ግሩም ነው። ማታ ስትተኙ ተቀቡት። ቀን ግን ጨረሩን አያግድም። ለጋ ቅቤ፣ የኮኮናት ዘይት፣ ማርም እንዲሁ ናቸው። የሚያብለጨልጭ ግሎስ ደግሞ ኤስፒኤፍ ከሌለው ፀሐይ ላይ ባይቀቡት ይሻላል። ሊፕስቲክ ለምትወዱ ሴቶች፦ ከሥር መከላከያውን ተቀቡ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከላይ ሊፕስቲኩን ድገሙበት።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ሲል እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሽቶና ግሎስ አልልም። ኤስፒኤፍ 30 ያለው የከንፈር ቅባት፣ ጣዕምና ሚንት የሌለው። ሚንቱና ቀረፋው ከንፈር ይቆጠቁጣል፤ ጣዕሙ ደግሞ ያስልሳል። የላሱት ቅባት ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

የአገልግሎት ጊዜውን እዩ። ያለፈበት ቅባት መከላከሉ አይታመንም። መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር አትተዉት። ቀልጦ ሲረጋ ይለያያል፤ ከዚያ በኋላ እኩል አይቀባም። የከንፈሩ ከጠፋ ለፊት የሚሆነውን የፀሐይ መከላከያ ከንፈር ላይ መቀባት ይቻላል። መራራ ነው፣ ግን ይሠራል።

አቀባቡ

ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከቤት ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ በፊት ተቀቡ። ከንፈሩ ደረቅ ይሁን። ቁርስ ከበላችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ አፋችሁን ከፈት አድርጉና የታችኛውን ከንፈር ከጥግ እስከ ጥግ ቀቡ። አንዴ ሄዶ መመለስ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሱበት። ቀጥሎ ላይኛው። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ፦ የከንፈሩ ቀይ ክፍልና ቆዳው የሚገናኙበት መስመር። ምች መውጣት የሚወደው እዚያ ነው። ስለዚህ ቅባቱ መስመሩን አልፎ ትንሽ ወደ ቆዳው ይግባ። ከዚያ የአፍ ጥጎች። በመጨረሻ ሁለቱን ከንፈሮች በቀስታ ግጠሙና ልቀቁ። አትሹት፤ ካሻችሁት ሳስቶ ይሄዳል።

ከዚያ በየ2 ሰዓቱ መድገም ነው። በሰዓት ማስታወስ ከባድ ነው፣ በተለይ ሥራ ላይ። እኔ ከሥራው ጋር አስሬዋለሁ። መሣሪያውን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ባዛወርኩ ቁጥር፣ ትራይፖዱን ተክዬ ውኃ ልኩን ከማስተካከሌ በፊት፣ እቀባለሁ። ሜዳ ላይ የምትሠሩ ሁሉ እንዲህ ዓይነት መያዣ ፈልጉ። ገበሬ በሬዎቹን ሲያሳርፍ። ትራፊክ ፖሊስ ፈረቃ ሲቀያየር። ሯጭ ልምምድ ከመጀመሩ በፊትና ሰውነት ሲያፍታታ። ጀበና ይዛ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ እህታችን አቦል ቀድታ ስትጨርስ።

ከምግብ በኋላ ሰዓት አትጠብቁ። እንጀራ በወጥ የበላ ከንፈር ላይ ቅባት የለም። ዘይቱና በርበሬው ወስዶታል፤ የቀረውን እጃችሁ ጠርጎታል። ሻይ፣ ቡና፣ ውኃ ከላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁሉም ያነሡታል። በልታችሁ እጃችሁን ስትታጠቡ ከንፈራችሁንም ታጥባችሁ አድርቁና እንደገና ቀቡ።

ከንፈር መላስ ልማድ ለሆነባችሁ፦ ምራቅ ለቅጽበት ያርሳል፣ ከዚያ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ያደርቃል። የተሰነጠቀ ከንፈር ለፀሐዩ ይመቻል። ውኃ ጠጡ። መላስ ሲያሰኛችሁ ቅባቱን አውጡ።

ጥላ

ቀያሾች አንድ ልማድ አለን። ፀሐይ ሲበረታ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግተን መሣሪያውን እናጠላለን። ሙቀቱ ውኃ ልኩን ስለሚያዛባው ነው። መሣሪያው ጥላ ሥር፣ ሰውየው ፀሐይ ላይ! የኔ ቡድን ውስጥ አሁን ጃንጥላው ሰፋ ያለ ነው። መሣሪያውንም የሚያነበውንም ሰው ይሸፍናል። ፕሪዝም፣ መሣሪያው የሚያነጣጥርበትን መስታወት፣ የሚይዝልኝ ልጅ ግን ከነጥብ ነጥብ ስለሚሮጥ ጃንጥላ አይሆንለትም። ለሱ ባርኔጣ ነው።

ባርኔጣው ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ይሁን። ክፈፉ ቢያንስ አራት ጣት ይስፋ። ኬፕ ግንባርን ይሸፍናል፤ ፀሐዩ ትንሽ ዘንበል ሲል ግን ከንፈር ላይ ያርፋል። መንዝ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው የሱፍ ቆብ ለብርድ ጥሩ ነው፤ ክፈፍ ስለሌለው ለፀሐይ አይሆንም። ሄልሜት የምታደርጉ በዙሪያው የሚገጠም የጨርቅ ክፈፍ መጨመር ትችላላችሁ።

ነጠላ ጥሩ ነገር ነው። እናቶቻችን ራሳቸውን ተከናንበው ጫፉን በአፋቸው ላይ ሲያሳልፉት ከንፈራቸው ጥላ ውስጥ ነው። ስስ ሽመና ሲሆን ጨረር ስለሚያሳልፍ አጥፋችሁ ደርቡት። ሽርጥ ወይም አንገት ላይ የሚደረግ ሻሽ እስከ አፍንጫ ድረስ ከፍ ማድረግም ያው ነው። አቧራም ይከላከላል። ጃንጥላ ለፀሐይ መያዝ የሚያፍሩ ወንዶች አሉ። አባቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር፤ የምን ማፈር ነው?

በዓላትን አስቀድማችሁ አስቡ። ጥምቀት ላይ ታቦቱን አጅቦ መዋል ሙሉ ቀን ነው፤ ሰማዩም በጥር ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በዓሉ አልፎ ሰው ሥራ ሲገባ በከንፈሩ ምች ይዞ ይገባል። ቅባቱን ኪስ ውስጥ ይዛችሁ ውጡ።

ሎሚ፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ የምንመገብበት ቤት እማማ የምንላቸው እናት አሉ። ከንፈሬ እብጥ ብሎ ያዩኝ ቀን «ልጄ፣ ምች መቶሻል። ዳማ ከሴ ልጭመቅልሽ» አሉኝ። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱኝ፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አደረጉልኝ። ሽታው ራስ ይከፍታል። እኔ እሺ ብዬ ነው የተቀበልኳቸው፤ ዛሬም ቢሰጡኝ እቀበላለሁ። ነገ ፀሐይ ላይ ስወጣ ከንፈሬን የሚጋርድልኝ ግን ዳማ ከሴ አይደለም። ሁለቱን አታቀያይሩ።

ሎሚና ጤና አዳም ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የሎሚ ጭማቂም ሆነ የጤና አዳም ወዝ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ጠቁሮ ለሳምንታት ይቆያል። «ምቹን ያደርቀዋል» ተብሎ ሎሚ የተቀባ ከንፈር ይዞ ሜዳ መውጣት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ጤና አዳም የቀነጠሰ እጅም ከንፈር ከመንካቱ በፊት ይታጠብ።

መድኃኒትም ፀሐይን ሊያባብስ ይችላል። ቆላ ለሥራ ስትወርዱ ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ቆዳችሁ ለፀሐይ ስስ ይሆናል። ያኔ ቅባቱንም ባርኔጣውንም አጥብቁ። የምትወስዱት መድኃኒት እንዲህ ዓይነት መሆኑን ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

መንዘር ሲጀምር

ተጠንቅቀንም አንዳንዴ ይወጣል። ፀሐይ አንዱ ቀስቃሽ ብቻ ነውና። ምች የለመደ ሰው ከመውጣቱ በፊት ያውቀዋል። ያቺ ቦታ ትወረራለች፣ ትነዝራለች፣ ታሳክካለች፣ ጠጠር ያለች ትመስላለች። ያ ሰዓት ውድ ነው። አሲክሎቪር የሚባለው ክሬም የሚጠቅመው ያኔ ከተጀመረ ነው። በቀን 5 ጊዜ፣ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ይቀባል። ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ ቅርፊት ከያዘ በኋላ ጥቅሙ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ክሬሙ ምች የወጣ ዕለት የሚፈለግ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ቀድሞ የሚቀመጥ ነው። ምች በጣም የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ስለሚዋጠው መድኃኒት ይጠይቅ። ብዙ ፀሐይ ከሚጠብቀው ጉዞ በፊት ሐኪም አስቀድሞ የሚያዝበት ጊዜም አለ።

ፊት ለማቅላት ወይም ለሽፍታ የተገዛ፣ እነ ቤታሜታዞን ያሉበት ክሬም ምች ላይ አትቀቡ። ማሳከኩን ያበርደው ይሆናል፤ ቫይረሱን ግን ያበረታዋል። የጥርስ ሳሙናና አልኮልም ቆዳውን ከመቆጥቆጥ ያለፈ ጥቅም የላቸውም። ቅርፊቱን አትላጡ፤ ይደማል፣ ይዘገያል። ሳይነካ ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል።

ምቹ እያለም የፀሐይ መከላከያው አይቋረጥ። የቅባቱን ዱላ ግን ቁስሉን አታስነኩት። በንጹሕ የጥጥ ጫፍ ወስዳችሁ ቀቡ። ቁስሉን የነካ ዱላ ካለ ምቹ ሲድን ጣሉት። የከንፈር ቅባት መዋዋስ ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ ለወዳጅም ቢሆን። የኔ ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው። ክዳኑ ላይ በፓርከር ስማችንን ጽፈንበታል።

በነዚያ ቀናት ጉርሻ ይቆይ። በአንድ ኩባያ መጠጣትም ይቆይ። ሰላምታው በእጅ ይሁን። በተለይ አራስ ቤት! አዲስ ለተወለደ ሕፃን ይህ ቫይረስ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ምች የወጣበት ሰው አራስ ጥየቃ ይሂድ ቢባል እንኳ ሕፃኑን አይሳም፣ እጁን ሳይታጠብ አይያዝ። ቢቀር ደግሞ ይሻላል፤ እናትየው አትቀየመውም። ቁስሉን ነክታችሁ ዓይናችሁን አትንኩ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከማድረጋችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ።

ሐኪም ጋ መሄድ መቼ ነው

ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብርሃን ካስቸገረው፤ ይህ ለነገ አይባልም። ቁስሉ ፊት ላይ ከተሰራጨ። በዓመት ደጋግሞ ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ። ኤች አይ ቪ ያለበት፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እንደ ጀመረው ይሂድ፤ እስኪብስ አይጠብቅ።

ከንፈር ላይ የወጣ ሁሉ ምች አይደለም። የአፍ ጥግ መሰንጠቅ ሌላ ነው። ከአፍ ውስጥ በምላስና በጉንጭ በኩል የሚወጣው ነጭ ቁስልም ሌላ ነው። የታችኛው ከንፈር ላይ ሻካራ ሆኖ የነጣ፣ የሚላላጥ፣ ወራት አልፎት የማይድን ነገር ካለ ግን ምች ነው ብሎ መተው አይገባም። ለዓመታት የተከማቸ ፀሐይ ከንፈር ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በዕድሜ የገፉና ዕድሜ ልካቸውን ሜዳ ላይ የሠሩ ሰዎች ይህን ይታዩ።

አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ነገሩ ከሁሉም ይበልጣል። ቆዳቸው ከፀሐይ የሚከላከለው ቀለም ስለሌለው ምች ቢወጣባቸውም ባይወጣባቸውም የከንፈርና የቆዳ መከላከያ በየቀኑ፣ ከልጅነት ጀምሮ ያስፈልጋቸዋል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ለትምህርት ቤት ከደብተሩ ጋር ቅባቱንና ሰፊ ባርኔጣውን ያዙለት። መምህሩንም አነጋግሩ፤ ባርኔጣውን ክፍል ውስጥም ሰልፍ ላይም እንዳያስወልቁት፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ጠዋት በማለዳ ወይም ጥላ ሥር እንዲሆንለት።